ፈረሱላ፣ ኩንታል፣ ቁና፦ መለኪያን ዳታ ውስጥ ማስቀመጥ

ከወረዳ ተሰብስቦ የመጣ የምርት መረጃ ሲከፈት፣ «መጠን» ከሚለው ዓምድ ሥር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ተደርድሮ ይገኛል፦ 12፣ 340፣ 4 ኩ.፣ 2 ቁና፣ 1,5፣ ሦስት ኬሻ ተኩል። 12ቱ ኩንታል ይሁን ኪሎ፣ ኬሻው ባለ 50 ይሁን ባለ 100፣ ቁናው ጤፍ ይሁን ባቄላ የተሰፈረበት፣ የሚያውቀው መዝጋቢው ብቻ ነው። መዝጋቢው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መረጃ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብተው ወደ አንድ መለኪያ ለሚያመጡ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከእህልና ከቡና የተወሰዱ ናቸው። በመለኪያ ጉዳይ ሁሉም የሚጠቅሳትን የናሳን ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፋት፦ በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው አንዱ ፕሮግራም የሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ-ኃይል ሰከንድ አውጥቶ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም በኒውተን ሰከንድ ስለወሰደው ነው፤ ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነበር። የእኛ ችግር ግን ከዚያ ይከብዳል። ፓውንድና ኒውተን ቢያንስ ቁርጥ ያለ ዝምድና አላቸው።

ሦስቱን መለየት

ቅየራ ከመጀመሩ በፊት መለኪያዎችን ሦስት ቦታ መክፈል ያስፈልጋል፤ በአንድ የማባዣ ሠንጠረዥ ውስጥ ሊኖሩ አይችሉምና።

አንደኞቹ በስምምነት የተቆረጡ ናቸው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ፓውንድ በ1959 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በተስማሙበት መሠረት 0.45359237 ኪሎ ነው፣ ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊ ሜትር፤ ሁለቱም ያልተጠጋጉ፣ ትርጉማቸው ራሱ ያ ቁጥር የሆነ ናቸው። ፈረሱላ ዛሬ በቡና ገበያ 17 ኪሎ ነው። ድሮ ግን እንደ ዕቃውና እንደ ቦታው ይለያይ ነበርና የታሪክ ሰነድ የምታስገቡ ከሆነ 17ን በጭፍን አትጠቀሙ። ኩንታልም ከአገር ሲወጣ ይለወጣል፦ በመካከለኛው አሜሪካ የቡና ንግድ ኩንታል የሚባለው 46 ኪሎ ገደማ ነው። የሆንዱራስን ምርት ከሲዳማ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ የሚያወዳድር ሰው ይህን ካላወቀ ውጤቱ ከእጥፍ በላይ ይስታል። ቶንም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካው አጭር ቶን 907.18474 ኪሎ ሲሆን የእኛው 1,000 ነው።

ሁለተኞቹ የተለካውን ነገር ሳያውቁ የማይቀየሩ ናቸው። ሊትርን ወደ ኪሎ የሚለውጥ ማባዣ የለም፤ የዘይት ሊትርን ወደ ኪሎ የሚለውጥ ግን አለ፣ 0.92 ገደማ። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ፣ የምግብ ዘይት ሲሞላ 18.4 ገደማ፣ ማር ሲሞላ ወደ 28 ይጠጋል። ጣሳ፣ ቁናና እንቅብም የይዘት መለኪያ ስለሆኑ ጠባያቸው ያው ነው። ከጤና መረጃም ምሳሌ አለ፦ እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያለ ዘመድ «የደሜ ስኳር 7 ነው» ሲል በሚሊሞል በሊትር ነው። ሚሊግራም በዴሲሊትር ለለመደ ሰው ያ ቁጥር 126 ማለት ነው፤ ማባዣው 18.016 ሲሆን የመጣውም ከግሉኮስ የሞል ክብደት ከ180.16 ነው። ያንኑ 18 ለኮሌስትሮል ብትጠቀሙበት ስህተት ነው፤ የኮሌስትሮል 38.67 ነው። ስለዚህ «ከሚሊሞል በሊትር ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር» የሚል፣ ንጥረ ነገሩን የማይጠይቅ ፕሮግራም ከጅምሩ የተበላሸ ነው።

ሦስተኞቹ በቦታና በጊዜ ይለዋወጣሉ። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ መሬት ነው፤ ብዙ ሰው ሩብ ሄክታር ብሎ ይወስደዋል። ነገር ግን አፈሩ፣ ዳገቱና በሬው ስለሚለያዩ ከወረዳ ወረዳ አንድ አይደለም። የዓለም ባንክ ከቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር ያካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ይህን የፈታበት መንገድ ለእኔ እስካሁን የተሻለው ነው፦ ገበሬው የተናገረውን በአካባቢው መለኪያ እንዳለ መመዝገብ፣ ማሳውን በጂፒኤስ መለካት፣ ከዚያ ለየአካባቢው የመሬት መለኪያ ማባዣውን ለብቻው ፋይል አድርጎ ማውጣት። ለእህልም ሰብሉንና መስፈሪያውን ያጣመረ ሌላ የማባዣ ፋይል አለው፤ የክልል አማካይና የአገር አቀፍ አማካይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከጥናቱ ዳታ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ የራሳችሁን ልኬት እስክትሠሩ መነሻ ይሆናችኋል።

ከሦስቱም ጋር የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ የዕቃው ሁኔታ። «10 ኩንታል ቡና» ቀይ እሸት ከሆነ፣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ) ከሆነና ጥሬ ቡና ከሆነ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይሰጣል፤ ከጀንፈል ደግሞ ሁለት ኪሎ ገደማ ለአንድ። በቆሎም ከነቆረቆንዳው ነው ወይስ የተፈለፈለ? መለኪያው ኪሎ ሆኖ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ፣ ድምሩ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ኪሎን ከኪሎ ጋር ስለሚደምር ምንም አይጮህም።

አንድ መዝገብ ምን ይይዛል

ጄሰን (JSON) የሚባለው የዳታ አጻጻፍ ቁልፎቹን በፊደላችን ብንጽፋቸው አይከፋውም፤ ስለዚህ እንዲህ ላስቀምጠው፦

{
"እንደተጻፈው": "2 ቁና",
"ቁጥር": "2",
"መለኪያ": "አካባቢ:ቁና",
"ዕቃ": "ጤፍ",
"ሁኔታ": "የተወቃ",
"ቦታ": "የወረዳ ኮድ",
"ቀን": "2016-04-12",
"አቆጣጠር": "ኢትዮጵያ"
}

«እንደተጻፈው» የሚለው ቦታ በማንም፣ በምንም ምክንያት አይነካም። ነገ አንዱ «ይህ 2 ከየት መጣ?» ሲል መልሱ እዚያ አለ። ኪሎው እዚህ መዝገብ ውስጥ አለመኖሩን ልብ በሉ፤ የሚኖረው በሌላ ሠንጠረዥ ነው፣ በየትኛው ማባዣ እንደተሰላ ከሚናገር መለያ ጋር።

ቁጥሩ በጥቅስ ምልክት የተከበበው አውቀን ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የጄሰንን ቁጥር የሚያነቡት በሁለትዮሽ ተንሳፋፊ ነጥብ ስለሆነ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሰጣሉ። ለአንድ ረድፍ ምንም አይደለም፤ ሒሳብ ተዘግቶ ሁለት ድምር እኩል መሆን ሲኖርበት ግን ራስ ያዞራል። ጽሑፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና ስትቆጥሩ ወደ አስርዮሽ ዓይነት ለውጡት፤ አለዚያም ሁሉን በግራም ሙሉ ቁጥር ያዙት።

የአቆጣጠሩ ነገር ከመለኪያ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። 2016-04-12 በእኛም በጎርጎርዮሳዊውም ልክ የሆነ ቀን ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከምናምን ወር። ዋጋን ከምንዛሪ ጋር ስታያይዙ ይህ ሁሉን ያፈርሳል። የዳታቤዙን የቀን ዓይነት ለእኛ አቆጣጠር መጠቀምም አይሆንም፤ ጥቅምት 30 ሲመጣ 2ኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያነበው «ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፣ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ይላል። እንደ ጽሑፍ ይግባ፤ ቅየራው በኋላ ይሠራ። «በወር 500 ኪሎ» የሚል መጠን ካለም ወሩ 30 ቀን ይሁን 30.4 ወስኑና ጻፉት።

የላብራቶሪ መረጃ ከሆነ አንድ ቦታ ይጨመራል፦ ንጽጽር። መሣሪያው «ከ0.01 በታች» ሲል ቁጥሩ 0.01 አይደለም፤ ምልክቱ ለብቻው መቀመጥ አለበት። የጤና መረጃ መለዋወጫው ፋየር ይህን አስቦበታል፤ የመጠን መዝገቡ ቁጥሩን፣ ንጽጽሩን፣ ለሰው የሚታየውን የመለኪያ ስም፣ የኮድ ሥርዓቱንና ኮዱን ለያይቶ ይይዛል። ለሰው የሚታየውን ስም ከኮዱ መለየቱ ብቻ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

የስም ዝርዝሩ

ኪሎ፣ ኪ.ግ.፣ ኪግ፣ ኪ/ግ፣ ኪሎግራም። ሄክታር፣ ሔክታር፣ ሀክታር፣ ሄ/ር። እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ ኮድ የሚመራ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ሥራው አሰልቺ ነው፣ የሚያዋጣውም እሱ ነው። ከመፈለግ በፊት ለማመሳሰያ ብቻ የሚሆን ቅጂ ይሠራል፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሃም ወደ ሀ ይገባል፤ ነጥብ፣ እዝባርና ሁለት ነጥብ ይወጣሉ፤ ቁጥሩ ከፊደሉ ይለያል። የግዕዝ አኃዝም ሊመጣ ይችላል፤ ፲፪ን ያላወቀ ፕሮግራም ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

አማርኛ መጠንን በቃል ስለሚቋጭ «ተኩል» እና «ሩብ» መታወቅ አለባቸው፤ «ሦስት ኩንታል ተኩል» 350 ኪሎ ነው። «2 ኩንታል ከ30 ኪሎ» 230 ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የሚወስድ ፕሮግራም 30ውን ይበላዋል። የነጠላ ሰረዙ ነገር ደግሞ አለ። 1,500 አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፣ 1,5 ግን ምናልባት አንድ ተኩል ነው። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ልክ ሦስት አኃዝ ካለ ሺህ ነው በሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን አትገምቱ፣ ወደ ማቆያ፣ ማለትም ሰው እስኪያየው ለብቻው ወደሚቀመጥበት ሠንጠረዥ፣ ላኩት።

መለኪያው ያልታወቀ ረድፍም እዚያው ማቆያ ይገባል። «ካልታወቀ ኪሎ ነው» የሚል ሕግ ፈጽሞ አታስገቡ። ያንን ሕግ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ለጊዜው ነው ይላል።

ኮዱን ከየት እንውሰድ ለሚለው፣ ለንግድ ሰነድ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ማቀላጠፊያ አካል የሆነው የሴፋክት ምክረ ሐሳብ 20 የሚባል የመለኪያ ኮድ ዝርዝር አለ። ኪሎግራም ኬ-ጂ-ኤም፣ ሄክታር ኤች-ኤ-አር ነው። ኩንታልን በስሙ የሚፈልግ ግን ሊቸገር ይችላል፤ የተመዘገበው ዴሲቶን ተብሎ ነው፣ ኮዱም ዲ-ቲ-ኤን። ለላብራቶሪና ለሳይንስ መረጃ ዩከም (UCUM) የሚባለው የመለኪያ ኮድ ሥርዓት ይሻላል። ዩከም ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን ይለያል፦ ትንሿ ኤም ሚሊ ናት፣ ትልቋ ሜጋ፤ በመካከላቸው ቢሊዮን እጥፍ አለ። ትንሿ ጂ ግራም ስትሆን ትልቋ ጋውስ የሚባል የማግኔት መለኪያ ናት። ስለዚህ «ጽሑፉን ሁሉ ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር» የምትለው የተለመደች የማጽጃ መስመር የመለኪያውን ዓምድ እንዳትነካ። ቁና፣ ጥማድና ፈረሱላ በሁለቱም የሉም፤ ለእነሱ የራሳችሁን ኮድ አውጡና ከላይ እንዳለው «አካባቢ:» የሚል ቅድመ ምልክት ስጧቸው፣ ከዓለም አቀፎቹ ጋር እንዳይምታቱ።

ሒሳቡ

ማባዣ ሲቀመጥ ከነሙሉ አኃዙ ወይም እንደ ክፍልፋይ ይቀመጥ። ማጠጋጋት የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ኮንቴይነር ቡና ላሳይ፤ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ 19,200 ኪሎ። አንዱ ፓውንድን 0.45 ኪሎ ብሎ ከፓውንድ ወደ ኪሎ ቢመልሰው 152 ኪሎ ይጎድላል፤ ከሁለት ተኩል ጆንያ በላይ ማለት ነው። ሌላው «ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው» ብሎ ወደ ፓውንድ ቢቀይር 40 ኪሎ የሚያህል ይጠፋል። ፈረሱላን 37.48 ፓውንድ ብሎ ሄዶ የተመለሰ ደግሞ በሰባት መቶ ግራም ያህል ይሳሳታል፤ ይህ ምንም አይመስልም፣ የሁለት መሥሪያ ቤት ሰነድ ግን አይገጥምም።

ዋጋ ከክብደት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ይህ በጣም የሚሳትበት ቦታ ነው። ፈረሱላን ወደ ኪሎ ስንቀይር በ17 እናባዛለን። የፈረሱላን ዋጋ ወደ ኪሎ ዋጋ ስንቀይር በ17 እናካፍላለን። ፈረሱላው 6,800 ብር ከሆነ ኪሎው 400፣ ኩንታሉ 40,000፣ ፓውንዱ 181.44 ብር ይሆናል። ለክብደት የተጻፈው ፕሮግራም ዋጋውንም ካባዛው ኪሎው 115,600 ብር ይወጣል። መፍትሔው መለኪያውን «ብር» ብሎ አለማስቀመጥ ነው፤ «ብር በፈረሱላ» ይባል፣ ፈረሱላው አካፋይ ቦታ ላይ መሆኑ ይታወቅ፣ ቀያሪውም ያንን አይቶ ይገልብጥ። ከኒው ዮርክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የአረቢካው በፓውንድ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ የለንደኑ ሮቡስታ ግን በቶን ዶላር። ሳንቲሙን ዶላር ብሎ የሚያነብ መቶ እጥፍ ይስታል። ብርን ወደ ዶላር ማምጣት ደግሞ የመለኪያ ቅየራ አይደለም፤ በየቀኑ የሚለወጥ ነውና ከቀኑና ከምንዛሪው ምንጭ ጋር በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጥ።

ምርታማነትም ሁለት መለኪያ በአንድ ጊዜ ይዟል። «በጥማድ 4 ኩንታል» ጥማዱ ሩብ ሄክታር ከሆነ በሄክታር 16 ነው። ጥማዱ በዚያ ወረዳ 0.2 ሄክታር ከሆነ ግን 20 ይሆናል። የማባዣው ስህተት በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል፤ ስለዚህ 16.327 ብሎ መጻፍ ማታለል ነው፣ 16 ይበቃል።

ሙቀት በማባዛት ብቻ አይቀየርም። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ 77 ፋራናይት ነው፤ በ9/5 ተባዝቶ 32 ይደመራል። ነገር ግን «ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ጨመረ» ሲባል ጭማሪው 3.6 ፋራናይት ነው፣ 35.6 አይደለም። የሙቀት ነጥብና የሙቀት ልዩነት ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ተደርገው መመዝገብ አለባቸው። ፒንት የሚባለው የፓይተን ቋንቋ የመለኪያ ላይብረሪ ይህን በራሱ ይለያል፤ «ፈረሱላ 17 ኪሎግራም ነው» ብሎ አዲስ መለኪያ መጨመርም ይቻላል። እንደ ዕቃው ለሚለያዩት ደግሞ አውድ የሚባል አሠራር አለው።

ዝናብን ከእርሻ ጋር ለሚያያይዙ፣ በነጻ ከሚወርዱት የዝናብ ዳታዎች ሦስቱን ባጭሩ፦ ቸርፕስ (CHIRPS) በሚሊ ሜትር ነው፣ ኢ-አር-ኤ 5 (ERA5) በሜትር፣ ኢመርግ (IMERG) ደግሞ ወርኃዊ ፋይሉ ሳይቀር በሚሊ ሜትር በሰዓት። የመጨረሻው ፍጥነት እንጂ ድምር ስላልሆነ በወሩ ሰዓታት ይባዛል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ውኃ ነው።

ስህተቱን በእጥፉ መለየት

የገባው ዳታ ውስጥ የመለኪያ ስህተት መኖሩን ለማየት ጥሩው ዘዴ እያንዳንዱን ቁጥር ለአካባቢው መካከለኛ ቁጥር አካፍሎ ውጤቱን በሎጋሪዝም መሣል ነው። ተራ ስህተት ይበታተናል፤ የመለኪያ ስህተት ግን አንድ ቦታ ላይ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው 100 ላይ ወይም 0.01 ላይ ካለ ኩንታልና ኪሎ፣ አለዚያም ሳንቲምና ዶላር ተምታተዋል። 10 ላይ ከሆነ ኩንታል በሄክታርና ቶን በሄክታር። 4 ላይ ጥማድና ሄክታር። 2.2 ላይ ፓውንድና ኪሎ። 17 ላይ ፈረሱላው ሳይቀየር ቀርቷል፤ 289 ላይ ደግሞ ዋጋው ሊካፈል ሲገባው ተባዝቷል፣ 17 ጊዜ 17 ነውና። ጤፍ በሄክታር 1,800 ኩንታል ሰጠ የሚል ረድፍ ካያችሁ ገበሬው አልዋሸም፤ አንዱ ኪሎውን ኩንታል ዓምድ ላይ ጽፎታል።

ይህን ግን በራስ ሰር አታርሙት። 2.2 እጥፍ የበለጠ ምርት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ መቶ እጥፍ ሊሆን አይችልም። ምልክት አድርጉበትና መዝጋቢውን ጠይቁ።

ለትንተና በሚወጣው የመጨረሻ ሠንጠረዥ ላይ መለኪያው ከዓምዱ ስም ጋር ቢሆን እመርጣለሁ፤ «ክብደት_ኪሎ»፣ «ዋጋ_ብር_በኪሎ»። ሲኤስቪ ፋይል መለኪያ የሚይዝበት ሌላ ቦታ የለውም፣ አብሮት የሚላከው ማብራሪያ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። በመግቢያው ሠንጠረዥ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ዓምዱ ኪሎ ስላለ ሰው ቁናውን በሐሳቡ ቀይሮ ያስገባል፣ በምን እንደቀየረው ግን አይነግራችሁም።

የማባዣ ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ መለኪያ፣ ዕቃ፣ ሁኔታ፣ ቦታ፣ ማባዣ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ጊዜ ተመዝኖ እንደተገኘና ምንጩ ይኑር። የተሻለ ልኬት ሲገኝ አሮጌው ረድፍ አይሰረዝም፣ አይታረምም፤ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበትና አዲስ ረድፍ ይጨመራል። ባለፈው ዓመት የታተመው ሪፖርት በአሮጌው መለያ እንደገና ሊሰላ ይችላል፤ የዘንድሮው በአዲሱ። ለወረዳው ማባዣ ካልተገኘ የዞኑ፣ እሱ ከሌለ የክልሉ፣ እሱም ከሌለ የአገር አቀፉ ይወሰዳል፤ የትኛው ደረጃ እንደተወሰደም ከኪሎው አጠገብ ይመዘገባል።